ትርንጎ ላይ የጨከንኩ ሌሊት

ሦስት ምዕራፍ ሙሉ እንቅፋት አልመታት፣
ዝናብ ስጽፍ እንኳ ጃንጥላ ሰጠኋት፣
ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ታክሲ አቆምኩላት።
መብራት የሚጠፋው እሷ ስትተኛ፣
አከራይዋም የዋህ፣ ኪራይ የማይጨምር፣ ጾመኛ፤
እንዲህ አድርጌ ነው የፈጠርኳት እኔ፣
ከብዕሬ ጠፍቶ ቅንጣት ጭካኔ።

ሥራዋ ማመልከቻ፣ የሰው አቤቱታ፣
ፖስታ ቤት አጠገብ፣ ከግንቡ ተጠግታ፣
የጽሕፈት መኪናዋን ካርቶን ላይ አስተኝታ፣
የባዳን መከራ ከጠዋት እስከ ማታ
በሁለት ጣት ብቻ
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ስትመታ
ትውላለች።

ጋሽ ልሳኑ አነበበው፣ አራት ኪሎ፣ ሻይ ቤት፤
ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ዝንብም ገባበት።
መነጽሩን አውልቆ፣
«ስማኝማ» አለኝ፣ «ይቺ ሴትዮ ጤነኛ ናት፣
ምን አገባኝ እኔ? ምን ሆነች ብዬ ልከተላት?
ሳያመው ማን ይጮሃል? ሳይርበው ማን ይሮጣል?
ሰው ካልተቆነጠጠ ምኑ ይገለጣል?
ሂድ፣ ጨክንባት።»

ክፉ ለመሆን ተቀመጥኩ።
ቤቷን ላፍርስ ብዬ ወረቀት አነሣሁ፤
ከተማው ቀደመኝ።
ፒያሳ እንደ ወተት ጥርስ በወለቀበት ዘመን
የሷ አንዲት ክፍል ብትጨመር ሊገርም ለማን?
ነቀርሳ ሰጠኋት፤ ሰረዝኩት ወዲያው፣
የሐኪም ቤት አልጋ የደራሲ ስንፍና ነው።
መኪና ላስገጫት ቸርችል ቁልቁለት ላይ
ብዬ ነበር ደግሞ። ተውኩት። ሞት ጉዳይ
ጨራሽ ነው፤ ቶሎ ያሰናብታል።
እኔ የምፈልገው የማያሰናብት፣
ጫማ ውስጥ ያለ ጠጠር፣ ቀኑን ሙሉ የሚሄዱበት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን፣
ውሻ ካዛንቺስ ላይ ሲያላዝን፣
አንድ ልጅ አመጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመቱ።
ክራቫቱ ጠባብ፣ ክንዱ ያለቀ ኮቱ።
በርጩማዋ ላይ ሆኖ፣ ሰዓቱን እያየ፣
«ለወራሽነት ነው» አለና ጥቂት ቆየ፤
«አባቴ ባለፈው ሰኔ ነው ያረፈ።
እናቴ ሞታለች ብለሽ ጻፊ። ብዙ ዘመን አለፈ።»

ስሙን ጠየቀችው። ሥራ ነው፣ የወጉ።
«ናሁሠናይ» አላት። የአባቱንም ጨመረ፤
ጣቷ ፊደል መሃል እንዳንጠለጠለ ቀረ።

(ሁለት ዓመቱ ላይ፣ አንቀልባውን ፈትታ፣
ላማቷ አስረክባው አውቶብስ የተሳፈረች ለታ…
ይህንን እኔም አላውቅም ነበር።
እጇ ሲቆም ነው የነገረችኝ።)

ከዚህ ወዲያ ያለውን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት።
በመጀመሪያው ጮኸች፣ እቅፏ ውስጥ ወደቀ፣
እንደ በዓል ድራማ ሁሉም ነገር አለቀ።
በሁለተኛው ሄደች፣ መኪናዋን ትታ፤
ቤት ኪራይ ያለበት ሰው እንዲህ አይሄድም፣ ጌታ።
በሦስተኛው
ጻፈች።
ሞ።
ታ።
ለ።
ች።
ካርቦኑ ከሥር ሁለት ቅጂ አወጣ።
«የፊደል ግድፈት ካለ እየው» አለችው፤
መቶ ብር ሲሰጣት ሃምሳ መለሰችው።
ሌላ ምንም የለም። ሪባኗን አጠበቀች።

ብዕሬን አስቀመጥኩ።
ጋሽ ልሳኑ ደስ ይለዋል፤ ይኸው ተቆነጠጠች።
እኔ ግን ወንበሬ ላይ ኮቱን አየሁት፣
ልጁን ያለበስኩትን፣ ክንዱ ያለቀውን። የኔ ነው።
እናቴ ጉለሌ ናት። በሕይወት አለች።
ከመስከረም ወዲህ ድምፄን አልሰማችም።
«እናትህስ?» ሲሉኝ «ደኅና ናት» እላለሁ፤
በሁለት ቃል ብቻ መዝገብ ዘግቻለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት በፖስታ ቤት በኩል አለፍኩ።
ይቅርታ ልል ይሆን? ማንን? ወረቀት?
ከግንቡ ጥግ አንዲት ሴት ነበረች፣
እውነተኛ፣
ወፈር ያለች፣ ቁጡ፣ መነጽሯ በላስቲክ የታሰረ፤
ትርንጎን በምንም አትመስልም።
ቀና ሳትል፣ ወረቀት እያስገባች፣
«ቁጭ በላ» አለችኝ።
«ለማን ነው የሚጻፈው?»

ተቀመጥኩ።
በርጩማው ይሞቃል፤
ከኔ በፊት የነበረው ሰው
አሁን ገና ነው የተነሣ።